አመዱ ከሲሚንቶ ጋር የሚቀላቀለው የት ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የሲሚንቶ ዋጋ በናረ ቁጥር የፋብሪካ ተረፈ ምርትን፣ በተለይም የስኳር ፋብሪካ አመድን፣ ከሲሚንቶ ጋር አደባልቆ ኮንክሪት መሥራት እንደሚቻል የሚያበስሩ ጽሑፎች በየጋዜጣው ይበዛሉ። አብዛኞቹ የሚሉት ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ እነዚህን ጽሑፎች ያነበበ ተቋራጭ ወይም ቤቱን በራሱ የሚያስገነባ ሰው «ከሲሚንቶው አምስተኛውን ቀንሼ አመድ ብጨምርበት ምን አለበት?» ብሎ ቢነሳ የሚያስቆመው አንድም ዓረፍተ ነገር አያገኝባቸውም። በግንባታ ቁሳቁስ ፍተሻ የምተዳደር መሐንዲስ እንደመሆኔ የሚያሳስበኝ፣ ክርክሩ አመድ ሲሚንቶን ይተካል ወይስ አይተካም በሚለው ላይ ቆሞ መቅረቱ ነው። ይህ ጥያቄ መልስ ካገኘ ቆይቷል። መልስ ያላገኘው አመዱን ማን፣ የት፣ ምን ፈትሾ ያዋህደው የሚለው ሲሆን፣ የእኔ አቋም ይህ ሥራ የፋብሪካ እንጂ በሕንፃው ግቢ የቆመ ሚክሰር ሥራ አይደለም የሚል ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት ያህል፣ የሲሚንቶ ዋና አካል ክሊንከር ነው። ክሊንከር የኖራ ድንጋይና የሸክላ አፈር ተፈጭተው እስከ 1450 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚደርስ ሙቀት በእቶን ውስጥ ሲቃጠሉ የሚገኝ ነው። በዚህ ሂደት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚወጣው ከሚነደው ከሰል ብቻ ሳይሆን ከኖራ ድንጋዩ ከራሱም ነው፤ እንዲያውም ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ከድንጋዩ የሚወጣው ነው። ስለዚህ አንድ ፋብሪካ ነዳጁን ሙሉ በሙሉ ቢለውጥ እንኳ ክሊንከር እስካመረተ ድረስ ከጋዙ አያመልጥም። በዓለም ላይ ከሰው ልጅ ሥራ ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ7 እስከ 8 በመቶ ያህሉ የሲሚንቶ መሆኑም ከዚሁ የመጣ ነው። እንግዲህ ክሊንከርን መቆጠብ የኪስ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልከራከርም።

ክሊንከር ከውኃ ጋር ሲገናኝ ጠጠሩንና አሸዋውን አያይዞ የሚያጠነክረውን ውህድ ይሠራል። ከዚሁ ጎን ለጎን ግን ለጥንካሬ እምብዛም የማይረዳ፣ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል ኖራ ይተርፋል። ፖዞላን የምንላቸው ቁሳቁሶች ሲሊካና አሉሚና የያዙ ሲሆኑ፣ በደንብ ከላሙ ይህንን ትርፍ ኖራ ይዘው ተጨማሪ ማያያዣ ይፈጥራሉ። ሮማውያን ከባሕር ውኃ ጋር ሲታገሉ የኖሩትን ወደቦቻቸውን የሠሩት የእሳተ ገሞራ አመድን ከኖራ ጋር በማዋሃድ ነበር። በአሜሪካ ሞንታና ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 1953 የተገነባው የሃንግሪ ሆርስ ግድብም በከሰል ከሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ከጭሱ ጋር የሚወጣ በራሪ አመድ በብዛት ከገባባቸው የመጀመሪያዎቹ ታላላቅ ግንባታዎች አንዱ ነው። አሠራሩ ሥር የሰደደ ነው፤ አዲስ ግኝት ተደርጎ መቅረቡ ግን አንባቢው ከጀርባው ያለውን የፍተሻ ሥርዓት እንዳያይ ያደርገዋል።

እኛም ብንሆን ለዚህ እንግዳ አይደለንም። ከሱቅ ፒፒሲ እያልን የምንገዛው ፖዞላን ያለበት ሲሚንቶ ከስምጥ ሸለቆ የሚወጣ ፑሚስ የተባለ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከክሊንከርና ከጂፕሰም ጋር አብሮ ተፈጭቶ የሚዘጋጅ ነው። በከረጢቱ ላይ «ሲኢኤም 2/ቢ-ፒ 32.5» የሚል ምልክት ከተጻፈ፣ «ቢ» የሚለው የፖዞላኑ መጠን ከ21 እስከ 35 በመቶ መሆኑን፣ «ፒ» የሚለው ፖዞላኑ ተፈጥሯዊ መሆኑን፣ 32.5 ደግሞ ሲሚንቶው በ28 ቀናት ሊደርስበት የሚገባውን ዝቅተኛ ጥንካሬ በሜጋ ፓስካል ያመለክታል። በግንባታ ቦታ ይህንን ጽሑፍ አንብቦ የሚያውቅ ፎርማን ካገኘሁ ደስ ይለኛል፤ አብዛኛው የሚያውቀው ፒፒሲ ለልስንና ለግንብ፣ ኦፒሲ (ፖዞላን የሌለበት ሲሚንቶ) ለዓምድና ለሶሌታ የሚለውን ብቻ ነው፤ በችግር ጊዜ ደግሞ ይህም ይረሳል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ፑሚሱ 30 በመቶ ከሆነ፣ በአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ውስጥ ያለው ክሊንከርና ጂፕሰም 35 ኪሎ፣ ፑሚሱ ደግሞ 15 ኪሎ ነው። ከዚህ ላይ አምስተኛውን፣ ማለትም 10 ኪሎውን አንስተን በአመድ ብንተካው በቀሪው 40 ኪሎ ሲሚንቶ ውስጥ የሚገኘው ክሊንከርና ጂፕሰም 28 ኪሎ ብቻ ይሆናል። የተቀረው 22 ኪሎ ፑሚስና አመድ ነው፤ ከጠቅላላው 44 በመቶ ማለት ነው። የአውሮፓው መስፈርት ይህን ያህል ፖዞላን ያለበትን ሲሚንቶ በሌላ መደብ፣ በአራተኛው፣ የሚያስቀምጠው ሲሆን፣ ፖዞላኑ በእርግጥ ኖራውን የሚበላ መሆኑ በተለየ ፍተሻ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። ፎርማኑ ግን ከረጢቱን ሲቀድ የያዘው ያው ፒፒሲ ይመስለዋል፤ እሱ «20 በመቶ ብቻ ቀነስኩ» ይላል፤ ኮንክሪቱ የሚያውቀው ሌላ ነው።

የዩኒቨርሲቲ ጥናቶች የሚነበቡበት መንገድም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከወንጂ ስኳር ፋብሪካ በመጣ አመድ ላይ የተደረገ ምርምር፣ እስከ 10 በመቶ ድረስ ሲሚንቶን መተካት ተቀራራቢ ወይም የተሻለ ኮንክሪት እንደሚሰጥ አሳይቷል። ይህ ለአገሪቱ የሚጠቅም መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን አመዱ በላቦራቶሪ እንደ ሲሚንቶ እስኪልም ተፈጭቷል፤ በኮንክሪቱ ውስጥ የተተካውም ፑሚስ የሌለበት ኦፒሲ ነው፤ ውኃው በሚዛን ተለክቷል። እነዚህ ሦስት ነገሮች በተራ የግንባታ ቦታ ላይ አብረው አይሟሉም። ጥናቱ ስለ 10 በመቶ የተናገረውን ይዞ ስለ መፍጨቱ የተናገረውን መተው፣ ከሐኪም ማዘዣ ላይ የመድኃኒቱን ስም ብቻ አንብቦ መጠኑን እንደመተው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የግል ሕንፃ ግንባታ ላይ ያጋጠመኝን ልጥቀስ። አመዱ በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልቶ ከሲሚንቶው ጎን ተደርድሯል። ከአንዱ ከረጢት ዘግኜ በመዳፌ ላይ ስፈትገው ጥቁር ሆኖ፣ በመካከሉ ያልነደደ የአገዳ ጭረት ይታይበታል፤ የተቀረውም እንደ ደቃቅ አሸዋ ይሻክራል። ሚክሰሩን የሚያንቀሳቅሰው ወጣት ሲሚንቶውን በከረጢት፣ አሸዋና ጠጠሩን በሳጥን፣ አመዱን ግን በአካፋ ይጨምራል። ድብልቁ ሲደርቅበት አንድ ባልዲ ውኃ ይጨምራል፤ እንደገና ሲደርቅበት ሌላ ይደግማል። ለምን ብዬ ስጠይቅ ፎርማኑ «ካልለሰለሰ በፌሮው መካከል አይገባልንም» አለኝ። እውነቱን ነው። ያልነደደ ካርቦን ያለበት አመድ ውኃን እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል፤ ድብልቁ ስለሚደርቅባቸው ሠራተኞቹ ውኃ ይጨምራሉ፤ ውኃው ሲበዛ ደግሞ ጥንካሬው ይወርዳል፤ ስለዚህ ጉዳቱ ከአመዱ ብቻ ሳይሆን አመዱ ከጠራው ውኃም ይመጣል። ለጥንካሬ ፍተሻ የተቀመጡት ኪዩቦች፣ ማለትም በሳጥን ቅርጽ የተሞሉት የኮንክሪት ናሙናዎች፣ ጥሩ ውጤት ነበራቸው፤ ምክንያቱም የተሞሉት አመድ ካልገባበት ድብልቅ ነበር። ከዓምዶቹ በመሰርሰሪያ ተቆርጦ የተወሰደው ናሙና ግን ከዲዛይኑ በታች ሆነ፣ ዓምዶቹንም ተጨማሪ ፌሮና ኮንክሪት ማልበስ ግድ ሆነ። ባለቤቱ በሲሚንቶ ያተረፉት ገንዘብ የት እንደገባ መገመት አያዳግትም።

ስለ አመዱ አፈጣጠር ትንሽ መናገር ያስፈልጋል። ከአንድ ቶን ሸንኮራ አገዳ ጭማቂው ሲወጣ ከ250 እስከ 300 ኪሎ ግራም የሚሆን ባጋስ የተባለ የአገዳ ገለባ ይቀራል። ፋብሪካዎቹ ይህንን ለእንፋሎትና ለኤሌክትሪክ ማመንጫ በቦይለር ያነዱታል፤ አመዱም የዚህ እሳት ቅሪት ነው። የቦይለሩ ባለሙያ የሚጨነቀው ለእንፋሎቱ ነው፤ ለአመዱ ጥራት እንዲጨነቅ የሚያደርገው ነገር የለም። እሳቱ ከቀዘቀዘ ካርቦኑ ሳይነድ ይቀራል። እሳቱ ከመጠን በላይ ከጋለ ደግሞ ሲሊካው ወደ ክሪስታልነት ተለውጦ ከኖራው ጋር የመዋሃድ ኃይሉን ያጣል፤ እንዲህ ያለው አመድ ነጭና የሚያምር ሊሆን ይችላል፣ በሲሚንቶ ውስጥ ሲገባ ግን ከአሸዋ ዱቄት የተለየ አይደለም። ከአገዳው ጋር ከማሳ የመጣ አፈርም አለበት። ከአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ ቦይለር የወጣ አመድ በጥቅምትና በሚያዝያ አንድ ላይሆን ይችላል። ዛሬ ተፈትሾ ያለፈ ናሙና ለከርሞው አመድ ዋስትና አይሆንም።

ፍተሻው ራሱ ውስብስብ አይደለም። ናሙናው መጀመሪያ ውኃው እስኪጠፋ ይደርቃል፣ ይመዘናል፣ ከዚያም በላቦራቶሪ እቶን በ750 ዲግሪ ተቃጥሎ እንደገና ይመዘናል፤ የጎደለው ክብደት በአብዛኛው ያልነደደው ካርቦን ነው። ኤኤስቲኤም የተባለው የአሜሪካ ደረጃ አውጪ ድርጅት ለከሰል አመድ ባወጣው መስፈርት ይህ ጉድለት ከ6 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠይቃል፤ የሲሊካ፣ የአሉሚናና የብረት ኦክሳይድ ድምር ከፍተኛ እንዲሆን፣ ናሙናው የገባበት ሞርታር (የሲሚንቶና የአሸዋ ልውስ) ጥንካሬም አመድ ከሌለበት ሞርታር ቢያንስ 75 በመቶ እንዲደርስ ያዛል። ይህን ለማድረግ ሚዛን፣ እቶን፣ ወንፊትና ትዕግሥት ይበቃል። ሲሚንቶ ፋብሪካዎች በየፈረቃው የሚሠሩት ሥራ ነው። ግንባታ ቦታ ላይ ግን የሚሠራው የለም፤ ሊኖርም አይችልም።

ከውጭ አገር የምንቀዳው ምሳሌም ብዙ ጊዜ ከእኛ ጋር አይገጥምም። በሕንድና በደቡብ አፍሪካ ኮንክሪት ውስጥ የሚገባው በራሪ አመድ በከሰል ከሚሠሩ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች የሚሰበሰብ ነው፤ የእኛ ኤሌክትሪክ ግን በአብዛኛው ከውኃ ስለሚመነጭ እንዲህ ያለ የአመድ ክምችት የለንም። በአውሮፓ በሲሚንቶ ውስጥ የሚገባው ስላግ የተባለ ዝቃጭ የብረት ማዕድን ከሚቀልጥበት ትልቅ እቶን ወጥቶ በውኃ በድንገት የቀዘቀዘ ነው። በአቃቂ፣ በዱከምና በቢሾፍቱ ያሉት ብረታ ብረት ፋብሪካዎቻችን ቁርጥራጭ ብረትን መልሰው የሚያቀልጡ ስለሆኑ ዝቃጫቸው የተለየ ባሕርይ አለው፤ አንዳንዱ ቆይቶ የሚያብጥ ነፃ ኖራ ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ «ስላግ እስከ 50 በመቶ ይተካል» የሚል ጽሑፍ አንብቦ ከአቃቂ አንድ ሲኖ ትራክ ዝቃጭ ማስጫን ትርጉም የለውም። የእብነ በረድ ዱቄት ደግሞ ፖዞላን ሳይሆን መሙያ ነው፤ መሙያነቱን ብንቀበል ምንም ጉዳት የለውም።

የረጲውን የቆሻሻ ኃይል ማመንጫ አመድ በተመለከተ ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ እጠይቃለሁ። ማመንጫው በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ከተመረቀ ወዲህ ስለ አመዱ ጥያቄ የሚያነሱ ብዙ ናቸው። ከምድጃው ሥር የሚቀረው አመድና ከጭስ ማጣሪያው የሚሰበሰበው አመድ ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የኋለኛው ከባድ ብረታ ብረትና ክሎራይድ የሚከማችበት ስለሆነ በብዙ አገሮች እንደ አደገኛ ቆሻሻ ይያዛል። ክሎራይድ በኮንክሪት ውስጥ ያለውን ፌሮ ያዝጋል። ከምድጃው ሥር የሚወጣውም ቢሆን የቀለጠ አሉሚኒየም ቅንጣቶች ካሉበት በሲሚንቶው ኖራ ውስጥ ሃይድሮጂን ጋዝ ይፈጥራል፣ ገና እርጥብ የሆነውንም ኮንክሪት ያሳብጠዋል። የከሰሉንም ሆነ የቆሻሻውን አመድ በአንድ ስም መጥራት ስለተለመደ፣ ስለ ከሰሉ የተነገረው በጎ ነገር ለቆሻሻው እንዲተላለፍ መፍቀድ የለብንም።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ሊነሳብኝ ይችላል፤ ራሴም አነሳዋለሁ። ፑሚስ በስምጥ ሸለቆ እንደልብ እያለ ሲሚንቶ ፋብሪካው አመድ ምን ያደርግለታል? ብዛቱን ብናሰላ ነገሩ ይገለጣል። በቀን 6 ሺህ ቶን አገዳ የሚፈጭ ስኳር ፋብሪካ የሚያስወግደው አመድ፣ ከአንድ ቶን አገዳ 6 ኪሎ ያህል ብለን ብናስብ፣ በቀን ወደ 36 ቶን ነው። በ2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የለሚ ሲሚንቶ ፋብሪካ ብቻውን በቀን 15 ሺህ ቶን የማምረት አቅም አለው። አመዱ ሁሉ ተሰብስቦ ቢገባ ከዚህ ምርት አንድ በመቶም አይሞላም፤ በክረምት ደግሞ ስኳር ፋብሪካዎቹ ለጥገና ስለሚቆሙ እሱም ይቋረጣል። እንግዲህ የአመድ ነገር የአገሪቱን የሲሚንቶ እጥረት ይፈታል ብሎ ተስፋ መስጠት ሕዝብን ማሳሳት ነው።

ይህ ማለት ግን አመዱ ሜዳ ላይ ተከምሮ ነፋስ ይበትነው ማለት አይደለም። 36 ቶን ለአንድ ግዙፍ ፋብሪካ ኢምንት ነው፤ በአዳማና በመተሐራ ዙሪያ ለሚገኙ ብሎኬትና የእግረኛ መንገድ ንጣፍ አምራቾች ግን ብዙ ነው። እነዚህ ምርቶች ከዓምድና ከሶሌታ ይልቅ ስህተትን ይታገሣሉ፤ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት ድብልቅ፣ በየቀኑ ይመረታሉ፤ መጥፎ የሆነው ምርት ሕንፃ ላይ ሳይወጣ በግቢው ውስጥ ይሰበራል። አንድ መፍጫ ወፍጮና አንድ ወንፊት በስኳር ፋብሪካው አጠገብ ተተክሎ፣ የላመው አመድ የፍተሻ ወረቀት ተያይዞለት በከረጢት ቢሸጥ፣ አምራቾቹ በኪሎ መዝነው ይጠቀሙበታል። የማጓጓዣው ወጪ ራሱ ከዚህ ራቅ ብሎ እንዳይሄድ ያደርገዋል፤ ጥሬ አመድን ከመተሐራ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ጭኖ አዲስ አበባ ማምጣት፣ በአገዳ ጭረትና በእርጥበት ላይ ነዳጅ ማፍሰስ ነው።

ብሎኬት አምራቾቹም ቢሆኑ ስለ ጊዜ ሊነገራቸው ይገባል። ፖዞላን ያለበት ኮንክሪት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደካማ ነው፤ ኃይሉን የሚያገኘው ዘግይቶ ነው፤ ለዚያም ውኃ ሳይቋረጥበት መቆየት አለበት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ በሚበርድበት፣ ቀኑም ነፋስና ደረቅ ፀሐይ በሆነበት ደጋ ላይ ብሎኬትን ሁለት ቀን አጠጥቶ በሦስተኛው ለገበያ ማውጣት አመድ ሳይገባበትም ስህተት ነው፤ አመድ ሲገባበት ግን ምርቱን ፈርካሽ ያደርገዋል። በሶሌታ ላይም ካሳፎርማው ከሚነሳበት ቀን ጋር የሚያያዝ ጉዳይ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ሲሚንቶ የሚጠቀም ተቋራጭ የቆየ ልማዱን ይዞ ድጋፉን ማንሳት አይችልም።

የተጣራ ሕግ ከሌለ ይህ ሁሉ ምክር ሆኖ ይቀራል። የአውሮፓው የሲሚንቶ መስፈርት የሚቀበላቸውን ተጨማሪዎች በስም ይዘረዝራል፤ ስላግ፣ ሲሊካ ፊዩም፣ ተፈጥሯዊ ፖዞላን፣ የከሰል አመድ፣ ሼል የተባለ የተቃጠለ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ ይገኙበታል። የሸንኮራ አገዳ አመድ ከዚህ ውስጥ የለም። ይህ ማለት አመዱ መጥፎ ነው ማለት ሳይሆን የራሱ መለኪያ አልወጣለትም ማለት ነው። የተፈጨ ጠርሙስ ብርጭቆም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ነበር፤ ሻካራ ሆኖ ሲገባ ከሲሚንቶው አልካላይ ጋር ተዋህዶ ኮንክሪቱን ስለሚሰነጥቀው ይፈራ ነበር፤ በደንብ ሲልም ግን ፖዞላን እንደሚሆን ከተረጋገጠ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2020 ኤኤስቲኤም የራሱን መስፈርት አወጣለት። የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩትም ለባጋስ አመድ ይህንኑ መንገድ መከተል ይችላል፤ አመዱ ምን ያህል ይላም፣ ካርቦኑ ከስንት አይበልጥ፣ በኦፒሲና በፒፒሲ ላይ የሚፈቀደው መጠን ለየብቻው ስንት ይሁን የሚለውን ዩኒቨርሲቲዎቻችን እስካሁን ከሠሩት ተነስቶ መወሰን የሚቻል ነው።

እስከዚያው ድረስ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጡና የሚቆጣጠሩ አካላት፣ በግንባታ ቦታ በሚክሰር የሚጨመር ማንኛውንም አመድ ለዓምድ፣ ለቢምና ለሶሌታ እንዳልተፈቀደ ቁሳቁስ እንዲቆጥሩት እጠይቃለሁ። አማካሪ መሐንዲሶች ኪዩብ የሚሞላበትን ድብልቅ ራሳቸው ቆመው እንዲመርጡ፣ በሲሚንቶው ክምችት ጎን ስሙ ያልተጻፈ ከረጢት ካዩም ምን እንደያዘ እንዲጠይቁ እለምናለሁ። ስኳር ፋብሪካዎቻችን ደግሞ በየአገዳ መፍጫው ወቅት መጀመሪያ፣ አጋማሽና መጨረሻ ከየቦይለራቸው ናሙና ወስደው የተፈተሸውን ውጤት ለሕዝብ ቢያሳውቁ ለተመራማሪውም፣ ለአምራቹም፣ አመዱን መግዛት ለሚፈልገውም ይጠቅማል። የዚህ ፍተሻ ወጪ ከአንድ ዓምድ ማልበሻ ዋጋ አይበልጥም።

ከአክብሮት ጋር፣
የግንባታ ቁሳቁስ መሐንዲስ፣ ከአዲስ አበባ